የዋሽንግተን ፖስት ቤት ዜና መዋዕል፤ በወይዘሮ ካትሪን ግራሃም ዘመን የሆነው

ዋሽንግተን ፖስት የተባለው ጋዜጣ በ1877 ተመሠረተ፤ በዚህ የሚቆጠረው ዘመን ሁሉ የፈረንጆች ነው። ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ቆይቶ በዕዳ ተያዘና በ1933 ጁን 1 ቀን በሐራጅ ተሸጠ። ባለጸጋው ዩጂን ሜየር ስማቸውን ሳይገልጹ በጠበቃ ተጫርተው በ825,000 ዶላር ገዙት፤ ኪሳራውንም ብዙ ዓመት ከገዛ ገንዘባቸው ሸፈኑ። በ1946 የዓለም ባንክ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ለልጃቸው ባል ለፊሊፕ ግራሃም አስረከቡ። እሱም በ1954 ተፎካካሪውን ታይምስ ሄራልድን ገዝቶ ከፖስት ጋር አዋሐደው፤ በ1961 ኒውስዊክ መጽሔትን ጨመረ። በ1963 ኦገስት 3 ቀን ሞተ፤ በቤቱም ታላቅ ኀዘን ሆነ።

ከእሱ በኋላ የሜየር ልጅ ወይዘሮ ካትሪን ቤቱን ያዙ። ዕድሜያቸው 46 ነበረ፤ የአራት ልጆች እናት ነበሩ። በዚያ ዘመን በሴት የሚመራ ታላቅ ኩባንያ በአሜሪካ አይታይም ነበርና ይሸጡታል ያሉ ነበሩ። እሳቸው ግን የአባታቸውን ቤት ለልጆቻቸው ለማቆየት ቆረጡ። በ1965 ቤን ብራድሊን አምጥተው በጋዜጠኞቹ ላይ ሾሙ፤ ብራድሊም ከ1968 ጀምሮ ዋና አዘጋጅ ሆኑ።

በአሜሪካ ምክር ቤት ሕግ ያወጣል፣ ፕሬዚዳንት ያስፈጽማል፣ ፍርድ ቤት ይፈርዳል። ጋዜጣ ከሦስቱ ከአንዱም አይቆጠርም፤ መከታው በሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ የተጻፈው ነጻነት ነው። ይህ መከታ ምን ያህል እንደሚያስጥል በካትሪን ዘመን ተፈተነ።

በ1971 ጁን 13 ቀን ኒውዮርክ ታይምስ የቬትናምን ጦርነት ምስጢራዊ ሰነድ ማተም ጀመረ። ሰነዱ በመከላከያ ሚኒስቴር የተጻፈ፣ 47 ቅጽና 7,000 ያህል ገጽ ያለው ነበረ፤ መንግሥት ለሕዝቡ ከተናገረው ሌላ በምስጢር ያውቀው የነበረውንም ይገልጥ ነበር። በጁን 15 መንግሥት በፍርድ ቤት ታይምስን አስቆመ። ሰነዱን ያወጣው ዳንኤል ኤልስበርግ ቅጂውን ለፖስት ሰጠ፤ ጋዜጠኞቹም በብራድሊ ቤት ተሰብስበው ቀኑን ሙሉ አነበቡ፣ ጻፉ።

በዚያው ሳምንት ኩባንያው አክሲዮኑን ለሕዝብ መሸጥ ጀምሮ ነበር። ክስ ቢመጣ ሽያጩ ሊፈርስ፣ የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹም ፈቃድ ሊወሰድ ይችላል ሲሉ ጠበቆቹ መከሩ። በጁን 17 ምሽት ካትሪን ለአንድ ጡረተኛ ባልደረባ በቤታቸው የስንብት ግብዣ አድርገው ሳለ በስልክ ተጠየቁ። የታመኑበት የኩባንያው ሊቀ መንበር ፍሪትዝ ቢቢ እኔ ብሆን አላትምም አሉ። አዘጋጆቹ ግን ይታተም አሉ። እሳቸውም እንዲታተም አዘዙ፤ እግዚአብሔር ልብ ለሰጠው ሰው ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። በማግስቱ ጋዜጣው ወጣ። ዳኛው ጌርሃርድ ጌሰል ፖስትን አላግድም አሉ፤ መንግሥትም ይግባኝ አለ። በጁን 30 ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ6 ለ3 ድምፅ ለጋዜጦቹ ፈረደ።

ዓመት ሳይሞላ ሌላ ነገር ተነሣ። በ1972 ጁን 17 ሌሊት አምስት ሰዎች በዋተርጌት ሕንፃ፣ በዴሞክራቶች ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ተያዙ። ቦብ ዉድዋርድና ካርል በርንስታይን የተባሉ ወጣት ጋዜጠኞች ነገሩን ተከታተሉ፤ ሁለቱም ሠላሳ አልሞላቸውም ነበር። ማታ ማታ የሠራተኞችን ደጃፍ እያንኳኩ ጠየቁ፤ አንድ ክስ በሁለት ምንጭ ካልጸና አይታተምም የሚል ደንብም ወጣ። በኦገስት 1 ለፕሬዚዳንት ኒክሰን ምርጫ የተሰጠ የ25,000 ዶላር ቼክ ከተያዙት በአንዱ ሒሳብ መግባቱን ጻፉ። በኦክቶበር 25 ስለ ፕሬዚዳንቱ ባለሟል ስለ ሃልደማን የወጣው ዜና የምስክርን ቃል በስሕተት ጠቅሷል ተብሎ ተነቀፈ፤ ያም አለፈ።

ኒክሰን ተቆጣ። በሴፕቴምበር 15 የቤቱን የቴሌቪዥን ፈቃድ በማሳደስ ጊዜ ችግር ይግጠመው ብሎ መናገሩን የራሱ ቴፕ በኋላ መስክሮበታል። በኖቬምበር 7 በ49 ግዛቶች አሸነፈ። ወዲያው የኩባንያው ሁለት የፍሎሪዳ ጣቢያዎች ፈቃድ እንዳይታደስ ተቃዋሚዎች አመለከቱ፤ የአክሲዮኑ ዋጋ ወረደ። የፖስት አረጋዊት ዘጋቢም ከዋይት ሐውስ ግብዣዎች ተከለከሉ፤ ተፎካካሪው ስታር ጋዜጣ ግን ፖስት ከተከለከለ እኛም አንገባም አለ። ይህ ሊመሰገን ይገባዋል፤ አብዛኞቹ ጋዜጦች በዚያ ወራት ዝም ብለው ነበርና።

እውነቱን ለመናገር ፖስት ብቻውን ኒክሰንን አላወረደም። ዳኛው ጆን ሲሪካ በዋተርጌት ተከሳሾች ላይ ጸኑ፤ ከእነርሱም አንዱ በ1973 ማርች በሐሰት ተመስክሮ እንደነበረ በደብዳቤ ገለጠ። በኤፕሪል 30 ሃልደማን ከሥልጣን ወረደ፤ በማግስቱ የዋይት ሐውስ ቃል አቀባይ ፖስትን ይቅርታ ጠየቀ። በሜይ ጋዜጣው የፑሊትዘር ሽልማት ተሰጠው። በዚያው ወር የሴኔቱ ኮሚቴ በሳም ኧርቪን መሪነት ምስክር መስማት ጀመረ፤ በጁላይ 16 ፕሬዚዳንቱ ንግግሩን ሁሉ በቴፕ እንደሚቀዳ በዚያ ተሰማ። ጋዜጣው መንገዱን ከፈተ፤ ዳኛና ምክር ቤት ሄዱበት። በ1974 ጁላይ 24 ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ8 ለ0 ቴፑ ይሰጥ ብሎ ፈረደ፤ በኦገስት 9 ኒክሰን ሥልጣኑን ለቀቀ።

በ1975 የማተሚያ ሠራተኞች አድማ መቱ፤ ማተሚያ መኪኖቹም ተሰበሩ፤ ጋዜጣው ግን የቀረው አንድ ቀን ብቻ ነው። ማኅበራቸውም ወደ ቤቱ አልተመለሰም። በ1979 ካትሪን አሳታሚነቱን ለልጃቸው ለዶናልድ ሰጡ። በ1981 ለጋዜጣው የተሰጠ አንድ የፑሊትዘር ሽልማት፣ ዘገባው የፈጠራ ሆኖ ስለተገኘ ተመለሰ። በ1998 ስለ ሕይወታቸው የጻፉት መጽሐፍ የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። በ2001 ጁላይ 17 ዐረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር።

በ2013 ዶናልድ ጋዜጣውን ለጄፍ ቤዞስ በ250 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ፤ በኦክቶበር 1 ርክክቡ ተፈጽሞ ቤቱ ከሜየር ዘር ወጣ።