የመንጋጋ መገጣጠሚያና የጆሮ ጩኸት፦ የኮስተን ሲንድሮም ታሪክ

በአሜሪካ፣ በሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት የአንገት በላይ ሐኪም ጄምስ ኮስተን እ.ኤ.አ. በ1934 በአንድ የሙያ መጽሔት ላይ የ11 ሕሙማንን ሁኔታ የሚገልጽ ጽሑፍ አወጡ። ሕሙማኑ ጆሯቸው ይጮኻል፤ የተደፈነም ይመስላቸዋል። መስማት የተሳናቸው፣ ራሳቸውን የሚያዞራቸው፣ ምላሳቸውን የሚያቃጥላቸውም ነበሩባቸው። ኮስተን ልብ ያሉት ግን አፋቸውን ነው። የኋላ ጥርሶቻቸው በመውለቃቸው ወይም በሌላ ምክንያት የጥርስ አገጣጠማቸው ተዛብቶ ነበር።

ሐሳቡ ፈጽሞ አዲስ አልነበረም። ፕሬንቲስ በ1918፣ ሞንሰንና ራይት ደግሞ በ1920 የመንጋጋው አቀማመጥ ጆሮን ሊጎዳ እንደሚችል ጽፈዋል። ስሙ ግን ለኮስተን ተረፈ። ምናልባትም የአንገት በላይ ሐኪም ስለ ጥርስ መናገሩ ሰሚ አስገኝቶላቸው ይሆናል።

ኮስተን የሰጡት ማብራሪያ ለመረዳት ቀላል ነበር። የኋላ ጥርስ ሲጠፋ የታችኛው መንጋጋ ከመጠን በላይ ይዘጋል፤ ራሱም ወደ ኋላ ተገፍቶ የዩስታኪያን ቱቦንና በአካባቢው ያሉትን ነርቮች ይጫናል። እንግዲህ ሕክምናው ሰው ሠራሽ ጥርስ ወይም ማስደገፊያ በማድረግ የጥርሱን ከፍታ መመለስ ነው። በዚህም መሠረት የብዙ ሰዎች ጥርስ ተሞረደ፤ ከፍታውም ተለወጠ።

ይህን ትምህርት የናደው የአናቶሚ ዕውቀት ነው። ከቪየና ወደ ቺካጎ የሄዱት የአናቶሚ ሊቅ ሃሪ ሲከር በ1948 ባወጡት ጽሑፍ መንጋጋው የተባሉትን ነርቮችና ቱቦውን ሊጨፈልቅ በሚችልበት ስፍራ እንደማይገኝ አስረዱ። ክርክራቸው ትክክል ነበር። ያስከተለው መዘዝ ግን ያሳዝናል፤ ማብራሪያው ሲወድቅ የሕሙማኑ ቃልም አብሮ ተጣለ። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ላስሎ ሽዋርትስ በ1950ዎቹ፣ ዳንኤል ላስኪን ደግሞ በ1969 ትኩረቱን ከመገጣጠሚያው ወደ ማኘኪያ ጡንቻዎች አዞሩት። ይህም ለሕመሙ ሕክምና ትልቅ እርምጃ ነበር፤ የጆሮው ጩኸት ግን ከዳር ቀረ።

በ1962 ፒንቶ የተባሉ ተመራማሪ መገጣጠሚያውን ከመሃል ጆሮ መዶሻ አጥንት ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ጅማት መኖሩን ገለጹ። በፅንስ ዕድገት ዘመን መዶሻውና መስፉ ከመንጋጋው ጋር ከአንድ የፅንስ ቅስት የሚወጡ በመሆናቸው ግኝቱ እንግዳ አይደለም። ሆኖም በኋላ በአስከሬን ላይ በተደረጉ ምርመራዎች ጅማቱ ሲሳብ መዶሻው ሁልጊዜ እንደማይንቀሳቀስ ታየ። ሌላም ዝምድና አለ፤ የጆሮ ታምቡር ወጣሪው ጡንቻ የነርቭ አገልግሎት የሚያገኘው የማኘኪያ ጡንቻዎችን ከሚያንቀሳቅሰው ከአምስተኛው የራስ ነርቭ የታችኛው ቅርንጫፍ ነው።

ይበልጥ አሳማኝ የሆነው መልስ የመጣው ከአንጎል ግንድ ነው። ሮበርት ሌቪን በ1999 ከመንጋጋና ከአንገት የሚነሱ የነርቭ መልእክቶች በመስሚያው ነርቭ የመጀመሪያ ማረፊያ፣ ማለትም በኮክሊያር ኒውክሊየስ፣ ላይ ለውጥ ያስከትላሉ የሚል መላ ምት አቀረቡ። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሱዛን ሾርና ባልደረቦቻቸው በእንስሳት ላይ ባደረጉት ጥናት የአምስተኛው ነርቭ ጭረቶች እዚያው ድረስ እንደሚዘልቁ አሳይተዋል። እንግዲህ ሕመምተኛው ጥርሱን ሲነክስ ወይም መንጋጋውን ወደ ፊት ሲገፋ ጩኸቱ የሚጨምር ወይም የሚቀንስ ከሆነ ነገሩ ቅዠት አይደለም። ይሁንና የመንጋጋ ሕመም በሌለባቸው ሰዎችም ይህ ለውጥ ስለሚታይ፣ ምልክቱ ብቻውን መንስኤውን አያረጋግጥም።

የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በ1996 በጠሩት ጉባኤ የጥርስን አገጣጠም ለዘለቄታው የሚለውጡ ሕክምናዎች በቂ ማስረጃ እንደሌላቸው ተገልጿል። ስለዚህ መንጋጋን ማሳረፍ፣ የጡንቻ ማፍታቻ እንቅስቃሴና በሌሊት የሚደረግ ተነቃይ ማስደገፊያ ይቀድማሉ። ከዚያም በፊት የጆሮ ምርመራና የመስማት ልኬታ ሊደረግ ይገባል፤ በተለይ ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ ሲሆን፣ ከልብ ትርታ ጋር ሲመታ ወይም መስማት በድንገት ሲቀንስ መንጋጋውን መክሰስ አደገኛ መዘግየት ያስከትላል።