የእጅ ጫና፦ ከመቃ እስከ ኤሌክትሪክ ብዕር

እንደሚታወቀው ለእጅ ጫና የሚታዘዝ መሣሪያ የትናንት ግኝት አይደለም። የአገራችን ቁም ጸሐፊ መቃውን በቢላዋ ቀርጾ፣ አፉን ሰንጥቆ፣ በጥላሸት ቀለም ብራና ላይ ሲጽፍ የፊደሉን እግር አወፍሮ ቅጥያውን የሚያቀጥነው በብዕሩ አያያዝና በእጁ ጫና ነበር። መስመሩ ሲበላሽ መቃውን እንደገና ይቀርጽ ነበር እንጂ እጁን አይኮንንም።

ኤሌክትሪክ ወደዚህ ሙያ የገባው ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 አሜሪካዊው ኤሊሻ ግሬይ የእጅ ጽሑፍን በሽቦ ለሚያስተላልፍ መሣሪያ የፈጠራ መብት አገኘ። በ1964 የራንድ ሰሌዳ ብዕሩ ያለበትን ቦታ ለኮምፒዩተር ማሳወቅ ቻለ፤ ይሁንና ጫናን በደረጃ አይመዝንም ነበር። ዛሬ ግን 8192 ደረጃ የሚለዩ ብዕሮች አሉ።

ሆኖም በኮልፌ ቀራንዮ በአንዲት ክፍል ውስጥ በሥዕል ታብሌት የሚሠራ ሠዓሊ ቢጫንም ባይጫንም መስመሩ አንድ ዓይነት ሊሆንበት ይችላል። እጁን ተጠራጥሮ አጥብቆ ይጫናል፤ የሚያተርፈው የአንጓ ሕመምና ያለቀ የብዕር ጫፍ ነው። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ በእጅና በሥዕል መካከል የቆመው አስተርጓሚ ነው። ይኸውም ዊንዶውስ ጫናውን ለፕሮግራሙ የሚያደርሰው በሁለት መንገድ፣ በቀድሞው ዊንታብ ወይም ኋላ በመጣው ዊንዶውስ ኢንክ ነው። ድራይቨሩ በአንዱ ሲናገር ፕሮግራሙ በሌላው ካዳመጠ ጠቋሚው ይንቀሳቀሳል፣ ጫናው ግን መንገድ ላይ ይቀራል። እንደ ክሪታ ባለ ፕሮግራም መንገዱን ቀይሮ ፕሮግራሙን ዘግቶ መክፈት፣ ከቀድሞ ታብሌት የቀረን ድራይቨር ማጥፋት ይገባል። የተመረጠው ብሩሽ ራሱ ጫናን እንዲቀበል መዘጋጀቱንም ማየት ነው፤ (ይህን ብዙዎች ይዘነጉታል)። ጫናው ተመልሶ ለቀላል እጅ አልታዘዝ ካለ የጫናውን ኩርባ ወደ ላይ ማጉበጥ ይበቃል። ያለቀውም ጫፍ በመቆንጠጫ ተነቅሎ በአዲስ ይተካል።