የተበሳው ብር

ስሙኝማ። መርሳ ያለችው አክስቴ ድሪዋ መሐል አንድ ብር አንጠልጥላለች። ወልድያ ያለ አንጥረኛ አናቱን በስቶ ቀለበት አስገብቶበታል። ከመዳበስ ብዛት የምኒልክ አፍንጫ አልቋል፤ አንበሳው ግን ዛሬም አንድ እግሩን አንሥቶ ባንዲራውን እንደያዘ ነው። ዓመቱም ይነበባል፦ ፲፰፻፹፯።

ይህ ብር ፓሪስ፣ ሴን ወንዝ ዳር፣ ከፈረንሳይ መንግሥት የገንዘብ ማምረቻ የመጣ ነው ብላት «አንተ ደግሞ፣ የእናቴን ብር!» አለችኝ።

እዚያ ፓሪስ አንድ ወግ ነበር። አዲስ ገንዘብ ከመመታቱ በፊት ለሙከራ ጥቂት ይመታና «ኤሴ» የሚል ይጻፍበት ነበር፤ ሙከራ ማለታቸው ነው። በ1848 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዮች ንጉሣቸውን ሲያወርዱ፣ ሪፐብሊኩ ለአዲሱ ገንዘብ የቀራፂዎች ውድድር አወጣ፤ ሙከራዎችም ተመቱ፤ የወርቁን ሜርሌ የሚባል ሰው አሸነፈ። ሰብሳቢ ሲያሳድደው የሚኖረው እንዲህ ያለውን ሙከራ ነው፤ የወርቅ ከሆነማ እንቅልፍ የለውም። ዳቦ ያልተገዛበት፣ ኪስ ያላሻሸው ገንዘብ! ለእኔ ግን ገንዘብ ሆኖ ገበያ አለማየት ያሳዝነኛል።

የምኒልክም የወርቅ ገንዘብ ነበር፤ ስሙም ያው «ወርቅ»፣ 7 ግራም የሚመዝን። መርሳ ውስጥ ማሽላ ሊሸምትበት ያወጣ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም። ብሩ ራሱ መች በቀላሉ ተለመደ? ነጋዴው የለመደው ጠገራውን፣ የንግሥት ማርያ ትሬዛን ብር ነበር። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ሞታ፣ ብሯ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ ስንት ዘመን ተመታ። ነጋዴው ያገላብጥ፣ የጌጧን ፈርጦች በጣቱ ይቆጥር፣ ከዚያ ይቀበል ነበር። የምኒልክም ክብደቱ እንደ እሷው 28 ግራም ገደማ ነበር፤ ፊቱ ግን እንግዳ ሆነበት። ስለዚህ ስንቱ ብር ቀልጦ አምባርና መስቀል ሆነ፣ ስንቱ ተበስቶ አንገት ላይ ዋለ።

አምና አንድ ሰብሳቢ ከአዲስ አበባ መጣ። አጉሊ መነጽሩን አውጥቶ ብሩን አየ፣ ጠርዙን አየ፣ ቀዳዳው ላይ ሲደርስ ተነፈሰ።

«እማማ፣ ባይበሳ ኖሮ እኮ ጥሩ ዋጋ ያወጣ ነበር።»

አክስቴ ድሪዋን ከእጁ ወስዳ አንገቷ ላይ መለሰችው።

«ሳይበሳ በምን ላንጠልጥለው ልጄ? በል ቡናህን ጠጣ፣ ቀዘቀዘ።»