ተንቆ ያሸነፈ አገር ማነው?



ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ስንቀመጥ ከሚነሡት ጨዋታዎች አንዱ ይኸ ነው፦ በዓለም ታሪክ ደካማ ነው ተብሎ ተንቆ ጉልበተኛውን የጣለ፣ ከሁሉ የሚበልጥ አገር ማነው? አብዛኛው ሰው አፉን ሞልቶ «እኛ ነን፣ ዓድዋ!» ይላል። ወጣቶቹ ጃፓንን ያነሣሉ፤ በ1905 በፈረንጅ አቆጣጠር ራሺያን አሸንፋለች ብለው። ክርክሩ ሳያልቅ ሰው ይበተናል። እኔ ዕድሜዬን በጽሕፈት ሥራ የጨረስኩ ስለሆንኩ ነገር በቁጥርና በቀን ካልተያዘ አይረጋልኝም፤ ስለዚህ በጽሑፍ አቀረብኩት።

ጃፓን የብረት መርከብና የሠለጠነ ጦር ስለነበራት ከቁጥር አላስገባትም።

የዓድዋን እንይ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የጄኔራል ባራቲየሪ ጦር ከ17 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን 56 መድፍ ነበረው። የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ወደ 100 ሺህ ይገመታል። ጠመንጃም ቢሆን ምኒልክ አስቀድመው ሲገዙ ኖረዋል። እንግዲህ በጦር ሜዳው ላይ የበዛነው እኛ ነን። ይኸን ስል ቅር የሚለው አይጠፋም፤ ነገር ግን የድሉን ክብር አይቀንሰውም። ከ1880 ዓ.ም. ወዲህ ክፉ ቀን የተባለው ረሀብ ሕዝቡን ፈጅቶ፣ የከብት በሽታው በሬውን ጨርሶ፣ ገበሬው በዶማ ሲቆፍር ከከረመ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር እኮ! ከዚያ ተነሥቶ ያን ያህል ሠራዊት ትግራይ ድረስ በእግር ማድረስ፣ ያውም ስንቁ እያለቀ፣ እኔን ከተኩሱ ይልቅ የሚደንቀኝ እሱ ነው።

በእውነት የተናቅነው በ1928 ዓ.ም. ነው። አውሮፕላን ለበጌምድር ሰው እንግዳ አልነበረም። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ላይ ሲዋጉ ከአዲስ አበባ የተላከ አውሮፕላን ቦምብ ጥሎባቸዋል፤ በዚያው ቀን ወደቁ። (ቀኑ ይገርማል፤ ማይጨው የተዋጋነውም ከ6 ዓመት በኋላ በዚያው በመጋቢት 22 ነው።) የጣሊያኑ ግን ሌላ ነው። በመቶ የሚቆጠር አውሮፕላን አመጣ፤ ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ተከዜ አጠገብ በራስ እምሩ ጦር ላይ የመርዝ ጋዝ ጣለ። ባዶ እግሩን የሚሄድ ወታደር ጋዝን በምን ይመክተዋል? የዓለም መንግሥታት ማኅበርም ጣሊያንን ቀጣሁ ብሎ ነዳጁን ሳይከለክል ቀረ፤ የስዌዝ ቦይም አልተዘጋም። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ ሊናገሩ ሲቆሙ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ረበሿቸው።

ቢሆንም ጣሊያን ከተማና ምሽግ ያዘ እንጂ ገጠሩን አልገዛም። አሞራው ውብነህን የመሰሉ አርበኞች በዱር በገደሉ አላስቀመጡትም። አንዳንዱ «ያስወጣው እንግሊዝ ነው» ይላል። እንግሊዝ በ1933 ዓ.ም. መግባቱ እውነት ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩትን 4 ዓመታት ታዲያ ማን ተዋጋቸው? ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ የኛ ክፍል ገና ጦርነት ላይ ነበር። ጎንደር የተለቀቀው ከቍልቋል በር ውጊያ በኋላ፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። በዚያ መካከል ካለቀው ባላገር ስንቱ ስሙ መዝገብ ላይ ሰፈረ? እድር እንኳ የሟቹን ስም ይጽፋል።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። እኛ ሁለተኛ ነን፤ አንደኛዋ ሐይቲ ናት። እኛ መንግሥት፣ ንጉሥ፣ ርስት ነበረን። የሐይቲ ሰዎች ግን ከአፍሪካ ተሽጠው የተወሰዱ፣ ራሳቸውም እንደ ዕቃ የሚቆጠሩ ባሮች ነበሩ። በ1791 በፈረንጅ አቆጣጠር ተነሡ፤ መሪያቸው ቱሴን ሉቨርቱር ፈረንሳይ አገር እስር ቤት ሞተ፤ የናፖሊዮንን ጦር ግን አሸንፈው በ1804 ነጻ መንግሥት አቆሙ። ቢጫ ወባ ረድቷቸዋል፣ አይካድም። ግፉ የመጣው በኋላ ነው፦ በ1825 ፈረንሳይ የጦር መርከብ ልካ፣ ላጣችው ንብረት፣ ማለት ለነዚያው ሰዎች ጭምር፣ 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካሣ ክፈሉ አለቻቸው። ያሸነፈ ካሣ ሲከፍል የት ታይቷል?

ይቺው ሐይቲ ናት በ1928 ዓ.ም. ጠባችን ለመንግሥታት ማኅበር ሲቀርብ ያልከዳችን። እንደራሴዋ ጄኔራል ኔሙር፣ ትልቁም ትንሹም አገር አንድ ቀን የሌላው ኢትዮጵያ ሊሆን እንደሚችል ለጉባኤው ተናግሯል።

ሌላ አገር የሚያስበልጥ አባል ካለ፣ ቀኑንና ቁጥሩን ይዞ ለሚመጣው ዓመት መጽሔት ይጻፍልን።