ከሳድሲት እስከ ፌምቶሴኮንድ፦ የአጭር ጊዜ አለካክ ታሪክ

በደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ በዲማ፣ በደብረ ወርቅና በደብረ ኤልያስ፣ የአብነት ትምህርት ለብዙ ዘመን ሲሰጥ ኖሯል። የቤተ ክህነቱ የዘመን ስሌት የሆነው ባሕረ ሐሳብ ዕለትን በ60 ኬክሮስ፣ ኬክሮስን በ60 ካልዒት ይከፍልና፣ በሣልሲት፣ በራብዒትና በኀምሲት አልፎ እስከ ሳድሲት ይወርዳል። በዛሬው አቆጣጠር ኬክሮስ 24 ደቂቃ ሲሆን፣ ሳድሲት ግን 1.85 የሴኮንድ ሚሊዮንኛ ያህል ብቻ ነው። ሊቃውንቱ ጊዜን እንዲህ ያደቀቁት ስሌቱ እንዳይዛነፍ እንጂ በመሣሪያ ሊለኩት አልነበረም። ክፍልፋይን መሰየም አንድ ነገር፣ መለካት ሌላ ነገር ነውና።

በ1960 (እ.ኤ.አ.) ቴዎዶር ማይማን የመጀመሪያውን ሌዘር ሠራ። ብዙም ሳይቆይ እጅግ አጫጭር የብርሃን ምቶች ስለ ተገኙ፣ ፍጥነታቸውን የሚከተል የኤሌክትሪክ መሣሪያ ታጣ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተገኘው መፍትሔ ምቱ ራሱን በራሱ እንዲለካ ማድረግ ነበር። ይኸውም ምቱ ለሁለት ይከፈላል፤ የአንደኛው መንገድ መስተዋት በማንቀሳቀስ ይረዝማል፤ ሁለቱ በክሪስታል ውስጥ ሲደራረቡ አዲስ ቀለም ያለው ብርሃን ይወጣል። ብርሃን በአንድ ፌምቶሴኮንድ፣ ማለትም በሴኮንድ ሚሊዮን ቢሊዮንኛ፣ 0.3 ማይክሮሜትር ስለሚጓዝ፣ ጊዜን መለካት ርዝመትን ወደ መለካት ተለወጠ። ግብፅ የተወለደው አሕመድ ዘዌል በዚሁ የመንገድ ልዩነት ዘዴ የኬሚካል ለውጦችን ተከታትሎ በ1999 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

ይሁንና ዘዴው በተለመደው አሠራሩ ብዙ ምቶችን አዳምሮ አማካያቸውን ብቻ ያሳይ ነበር። ኋላ የተገኘው ዘዴ እያንዳንዱን ምት በረጅም የመስታወት ክር ውስጥ ያሳልፋል። በክሩ ውስጥ ቀለማት በተለያየ ፍጥነት ስለሚጓዙ ምቱ ይለጠጣል፤ የቀለሙም ይዘት በኤሌክትሪክ መሣሪያ ወዲያውኑ ይመዘገባል። በ2016 ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ በሴኮንድ 90 ሚሊዮን ያህል ምቶችን አንድ በአንድ መዝግበው፣ ሌዘር ከተዘበራረቀ ብልጭታ ወደ ሥርዓት እንዴት እንደሚገባ ለማየት ቻሉ። ይህ በአማካይ ተሸፍኖ የኖረ ነበር።

ስለዚህ መምህሩ ተማሪዎቹን ሳድሲትን በሴኮንድ እንዲያሰሉና ብርሃን በዚያ ጊዜ 555 ሜትር ያህል እንደሚጓዝ እንዲያረጋግጡ ቢያደርግ፣ የአገሩን ዕውቀት ከዘመናዊው ፊዚክስ ጋር ያገናኛል። የትምህርት አቅድ አውጪውም ቢሆን ከዚህ ታሪክ የሚያገኘው ቁም ነገር አለ፤ የክፍል አማካይ ውጤት የእያንዳንዱን ተማሪ ጉዞ አያሳይምና።