ከወገብ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚከሰት አዲስ የዲስክ ችግር

በአገራችን «ዲስክ አለብኝ» የሚለው አነጋገር የተለመደ ነው። ይሁንና ዲስክ የበሽታ ስም ሳይሆን በአከርካሪ አጥንቶች መካከል የሚገኝ፣ ውስጡ ዝልግልግ፣ ዙሪያው ጠንካራ የሆነ ትራስ መሰል አካል ነው፤ ጤናማ ሰውም 23 ዲስኮች አሉት። ሕመሙ የሚጀምረው ዙሪያው ተሰንጥቆ የውስጡ ክፍል ሲወጣና ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ሲጫን ነው። አሜሪካውያኑ ሐኪሞች ዊልያም ሚክስተርና ጆሴፍ ባር እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህንን ካስረዱ ወዲህ ቀዶ ሕክምናው በዓለም ዙሪያ ተስፋፍቷል።

ብዙ ታካሚዎች የሚዘነጉት ነገር ቢኖር፣ በተለመደው ቀዶ ሕክምና የሚወገደው ነርቩን የተጫነው ቁራጭ እንጂ ሙሉው ዲስክ አለመሆኑን ነው። የቀረው ክፍል በዚያው ስንጥቅ ዳግም ሊወጣ ይችላል። ይህም ከ100 ታካሚዎች ከ5 እስከ 15 በሚሆኑት ላይ እንደሚያጋጥም በተለያዩ ጥናቶች ተመልክቷል።

ሁለተኛው ችግር የሚታየው አከርካሪዎች በብሎንና በዘንግ ተያይዘው አንድ እንዲሆኑ በተደረገላቸው ታካሚዎች ላይ ነው። የተያያዘው ክፍል ስለማይተጣጠፍ ከበላዩና ከበታቹ ያሉት ዲስኮች ተጨማሪ ጫና ይሸከማሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የወገብ ጥናት በ10 ዓመት ውስጥ ከ100 ታካሚዎች 36 ያህሉ በአጎራባች ዲስክ ምክንያት ሌላ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልጋቸው እንደሚችል ገምቷል። የዚህ መንስኤ ማያያዙ ብቻ ነው ወይስ የዕድሜ መግፋትም ጭምር በሚለው ላይ ባለሙያዎች አሁንም አልተስማሙም።

የተመለሰ ሕመም ሁሉ ግን ዲስክ አይደለም። በቀዶ ሕክምናው ሥፍራ የሚፈጠር ጠባሳም ተመሳሳይ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ለወራት ደህና ሆኖ የቆየ ሰው ድንገት የእግር ሕመም ከተመለሰበት የዲስክ ዳግም መውጣት ይጠረጠራል፤ ሕመሙ ከመጀመሪያውም ካልለቀቀው ግን ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ለመለየት በደም ሥር ጋዶሊኒየም የተባለ ማድመቂያ ተሰጥቶ የኤም.አር.አይ. ምርመራ ይደረጋል። ጠባሳው የደም ሥሮች ስላሉት ይደምቃል፤ ከዲስኩ የወጣው ቁራጭ ግን መሃሉ ሳይደምቅ ይቀራል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ጠባሳን ለማንሳት ተብሎ የሚደረግ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ አጥጋቢ ስለማይሆን ነው።

ዳግም የወጣ ዲስክም ቢሆን ሁልጊዜ ቀዶ ሕክምና አያሻውም፤ በመድኃኒትና በፊዚዮቴራፒ የሚሻላቸው አሉ። ሽንት አልወጣ ካለ ወይም መቆጣጠር ካቃተ፣ በብልትና በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ ከተሰማ ወይም ሁለቱም እግሮች ከደከሙ ግን ለቀጠሮ መጠበቅ አይገባም። በዚያው ዕለት ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል፤ የዘገየ ነርቭ ላያገግም ይችላልና።

ታክሞ ወደ ሥራ የተመለሰ ሠራተኛን በሚመለከት አንድ መረጃ ለኃላፊዎች ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1999 በአንድ ፈቃደኛ ሰው የወገብ ዲስክ ውስጥ በተተከለ መለኪያ እንደታየው፣ 20 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ዕቃ ጀርባን አጉብጦ ማንሳት ዝም ብሎ ከመቆም ጋር ሲነጻጸር ግፊቱን ከአራት እጥፍ በላይ አድርሶታል። ያንኑ ዕቃ ወደ ደረት አስጠግቶ መያዝ ግን ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ ብቻ ነበር። የመዝገብ ካርቶን ከወለል ወደ መደርደሪያ የሚያወጣው ሠራተኛ ማን እንደሆነ መመልከት፣ አስፈላጊ ሲሆንም ምደባውን ለጊዜው ማሻሻል፣ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም።