የተፈተነው ማን ነው? የኅብለ ሰረሰር ማነቃቂያ መሣሪያ ታሪክ



ዛሬ የማቀርበው የአንድ ትንሽ መሣሪያ ታሪክ ነው። መሣሪያው ከቆዳ ሥር ይቀበርና በቀጭን ሽቦ አማካይነት ወደ ኅብለ ሰረሰር ደካማ የኤሌክትሪክ ምት ይልካል። በተለይ የታሰበው የጀርባ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ከሥቃይ ላልተገላገሉ፣ ሕመሙ ከወገብ እስከ እግር ለሚወርድባቸው ሰዎች ነው። የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ መሣሪያ በእርግጥ የተፈተነው መቼ ነው?

በኤሌክትሪክ ሕመምን ማስታገስ ጥንታዊ ሐሳብ ነው። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ሐኪም ስክሪቦኒየስ ላርጉስ ለራስ ምታትና ለሪህ የሚነዝር ዓሣ እንዲጠቀሙ ጽፏል። ዘመናዊውን መሠረት የጣሉት ግን ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል እ.ኤ.አ. በ1965 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ ነው። እነርሱ እንዳስረዱት በኅብለ ሰረሰር ውስጥ እንደ በር ያለ ሥርዓት አለ፤ የንክኪ ስሜት የሚያደርሱት ወፍራም የነርቭ ክሮች ሲነቁ በሩ ለሕመም መልእክት ይጠባል። የተመታ ጉልበታችንን ስናሸው ሕመሙ ቀለል የሚለንም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በ1967፣ አሜሪካዊው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ኖርማን ሺሊ የመጀመሪያውን መሣሪያ በሳንባ ካንሰር ለሚሠቃዩ አንድ አረጋዊ ተከለ። ሕመማቸው መታገሡ ተመዘገበ፤ ብዙም ሳይቆዩ ግን አረፉ። ከሐሳብ ወደ ሰው አካል የተደረገው ጉዞ እንዲህ አጭር ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ልማድ ሥር ሰደደ። ሐኪሞች ቋሚውን መሣሪያ ከመቅበራቸው በፊት ሽቦውን ለጥቂት ቀናት አስገብተው ይሞክራሉ፤ ሕመሙ ቢያንስ በግማሽ ከቀነሰ ይተክላሉ። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ የሚፈተነው ሕመምተኛው እንጂ መሣሪያው አይደለም። የጥቂት ቀናት እፎይታ ከኤሌክትሪኩ ይሁን፣ ከተስፋ ወይም ከሕመሙ የራሱ መውጣትና መውረድ፣ ይህ ሙከራ ሊለይ አይችልም። ልማዱ ራሱ በብሪታንያ በ105 ሕመምተኞች ላይ ሲመረመር፣ ቅድመ ሙከራ የተደረገላቸው ሰዎች በቀጥታ ከተተከለላቸው የተሻለ ውጤት ማግኘታቸው አልታየም።

መሣሪያውን ራሱን መፈተን ለምን ዘገየ? መድኃኒት ሲፈተን አንዱ ወገን እውነተኛውን፣ ሌላው ባዶውን ክኒን ይውጣል፤ ማን የትኛውን እንደወሰደ አያውቅም። የቀድሞው መሣሪያ ግን ሲሠራ ይነዝራል። የነዘረው ሰው እንደታከመ ያውቃል፤ ያልነዘረውም እንዳልታከመ ያውቃል።

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመውና በ100 ሕመምተኞች ላይ የተካሄደው ጥናት ይህ ችግር ነበረበት። በስድስተኛው ወር የእግር ሕመማቸው በግማሽና ከዚያ በላይ የቀነሰላቸው መሣሪያው ከተተከለላቸው 48 በመቶ፣ በተለመደው ሕክምና ከቆዩት ደግሞ 9 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም የደረሰውን ሕክምና ያውቅ ነበር።

በኋላ ስሜት የማይሰጡ የምት ዓይነቶች ሲመጡ ሚዛናዊ ፈተና ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኖርዌይ ጥናት መሣሪያው በተተከለላቸው 50 ሰዎች ላይ ምቱን ለየሦስት ወሩ እያበራና እያጠፋ፣ ሳያውቁት አፈራረቀ። የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴያቸው በሁለቱም ጊዜ ከቀድሞው ተሻሻለ፤ በመብራቱና በመጥፋቱ መካከል ግን ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። በቀጣዩ ዓመት 13 ጥናቶችን የመረመረው የኮክሬን ግምገማም መሣሪያው ለወገብ ሕመም ከምርምር ውጭ እንዲያገለግል ማስረጃው አይደግፍም አለ። ተቺዎች በበኩላቸው በኖርዌይ የተሞከረው አንድ የምት ዓይነት ስለሆነ ሁሉንም አይወክልም ይላሉ። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ መልሱም የሚገኘው በሌላ ሚዛናዊ ፈተና ነው።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ሕመምተኞቹ ዋሽተዋል የሚል ፍርድ አይደለም። እፎይታቸው እውነት ነበር፤ ያልተረጋገጠው ምንጩ ነው። ሽቦ ከቦታው ይንሸራተታል፣ ቁስል ያመረቅዛል፣ ሰውም ዳግም ወደ ቀዶ ሕክምና ይመለሳል። ስለዚህ የሚሠቃይን ሰው ለሙከራ ከማስተኛታችን በፊት የምናስገባበትን መሣሪያ መፈተን ግዴታችን ነው፤ በዚህ ታሪክ ግን ቅደም ተከተሉ ለአምሳ ዓመታት ያህል ተገልብጦ ቆየ።